የንድፉ ወሰን የት ላይ ነው? የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ እንደ ምህንድስና ንድፍ መማሪያ

(በሊሙ ገነት ለኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ከጅማ እስከዚህ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ በመምጣታችሁ፣ ነዋሪዎቹም አዳራሹን ስለፈቀዳችሁልን አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ምህንድስና ንድፍ መሠረታውያን ነው። ይህ ትምህርት በክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው የነዳጅ ማጣሪያን ወይም የአሞንያ ፋብሪካን ምሳሌ በማድረግ ነው። የምንገለገልባቸው መጻሕፍት የተጻፉት እነዚህ ፋብሪካዎች በሞሉባቸው አገሮች ስለሆነ አያስደንቅም። ተማሪው ግን አይቶት የማያውቀውን ማማ በወረቀት ላይ ሲያሰላ ይከርምና የንድፍ ትምህርት የቀመር ትምህርት ይመስለዋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት በእግራችን ሄደን የምናየውን፣ የምናሸተውንም ምሳሌ መርጫለሁ። ይኸውም የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ልዩነት ላስቀምጥ። እስካሁን የተማራችሁት በአመዛኙ ትንተና ነው። ትንተና የተሰጠንን ነገር ይመረምራል፤ ገንዳው ይህን ያህል ስፋት አለው፣ ይህን ያህል ይፈስበታል፣ ስንት ሰዓት ይቆያል? መልሱ አንድ ነው፤ የመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ ላይም ይገኛል። ንድፍ ግን ገና የሌለን ነገር ይወስናል። ገንዳው ይኑር ወይስ አይኑር? ካለስ ስንት ይሁን? የት ይቀመጥ? ተቀባይነት ያላቸው መልሶች ብዙ ናቸው፤ ተቀባይነት የሌላቸው ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። መልሱን የሚያርምልን መምህር የለም። ያለን ነገር ቢኖር ምርጫችንን በምክንያት መከላከል ነው።

ምሳሌ ከቤታችን ላምጣ። ቡና ስናፈላ እንቆላለን፣ እንወቅጣለን፣ እናፈላለን፣ ከዚያም እስኪሰክን እንጠብቃለን። በኬሚካል መሐንዲስ ቋንቋ እነዚህ ሙቀት ማስተላለፍ፣ መጠን ማሳነስ፣ በፈሳሽ ማውጣትና ማዝቀጥ ይባላሉ። አንድን ፋብሪካ በእንዲህ ዓይነት መሠረታዊ ክንውኖች ከፋፍሎ የማየትን ሐሳብ በ1915 እ.ኤ.አ. አርተር ዲ. ሊትል የተባለው አሜሪካዊ አቀረበው፤ ሙያችንም በእሱ ላይ ቆሟል። አሁን ጥያቄው፣ ለአምስት ሰው የምታፈላ ጀበና ካለችን ለ200 ለቀስተኛ እንዴት እናፍላ? በክፍል ውስጥ ስጠይቅ ብዙዎች ትልቅ ጀበና ይሠራ ይላሉ። የጀበናዋን ቁመትና ወርድ በሁሉም አቅጣጫ በእጥፍ ብናሳድግ የምትይዘው ውኃ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ እሳቱ የሚነካው ገላዋ ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ የሚደርሰው የሙቀት ገጽ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ አንስቶ ለመቅዳቱም አስቸጋሪ ነው። ለቅሶ ቤት ያሉ እናቶች ይህን ሳይሰሉት ያውቁታል። ጀበናዋን አያሳድጓትም፤ ከሰሉ ላይ ብዙ ጀበና ይደረድራሉ። መጠን ማሳደግ ሁልጊዜ ትልቅ ዕቃ መሥራት አይደለም።

ወደ ጣቢያችን እንመለስ። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር መጥቶ «በቀን 10 ቶን እሸት ቡና የሚያጥብ ጣቢያ ንደፉልን» አለን እንበል። የእናንተ የመጀመሪያ ጥያቄ የትኛው የመፈልፈያ ማሽን ይገዛ የሚል እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ከዓመት ዓመት እንደዚያው ነው። የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ቡናው ለምን ይታጠባል የሚል ነው። እሸቱን ከነገለፈቱ አድርቆ ጀንፈል ማድረግ ይቻላል፤ ጠብታ ውኃ አይፈልግም። የታጠበ የሊሙ ቡና በገበያ ስሙ የታወቀ መሆኑና የሚያስገኘው የዋጋ ብልጫ ማጠቡን ተገቢ ሊያደርገው ይችላል። ብልጫው ግን ለውኃው፣ ለገንዳው፣ ለሠራተኛውና ለፍሳሹ ማከሚያ መክፈል አለበት። አለመሥራትን ወይም በቀላሉ መሥራትን እንደ አንድ አማራጭ ያላካተተ ንድፍ የደንበኛውን ትእዛዝ መገልበጥ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ 10 ቶን የሚባለው አማካይ ነው ወይስ ከፍተኛው የሚል ነው። ለቀማው በዋናነት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የሚውል ሲሆን፣ ሲጀምርና ሲያልቅ ቀጭን፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ወፍራም ነው። በወቅቱ 300 ቶን በ60 ቀን የሚገባ ከሆነ አማካዩ በቀን 5 ቶን ነው። በደራው ሳምንት ግን 10 ቶን የሚገባበት ቀን ይኖራል። ታዲያ ለየትኛው ቁጥር እንንደፍ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መጻሕፍቱ የሚያልፉት ነጥብ ነውና። ለሁሉም ክፍል አንድ የንድፍ ቁጥር የለም። መፈልፈያው የሚያስታውሰው የሰዓታትን ነገር ነው። ቀን የተለቀመው እሸት ማምሻውን ይደርሳል፤ ካደረ መብላላት ስለሚጀምር በዚያው ሌሊት መፈልፈል አለበት። 10 ቶኑን በ5 ሰዓት ለመጨረስ በሰዓት 2 ቶን የሚችል መፈልፈያ ያስፈልጋል፤ ይህ የሚወሰነው በከፍተኛው ቀን ነው። የማብላያ ገንዳው የሚያስታውሰው ሁለት ቀን ያህል ነው። የማድረቂያ አልጋው ወደ ሁለት ሳምንት፣ የፍሳሽ ኩሬው ደግሞ ሙሉ የለቀማውን ወቅት ያስታውሳል። እያንዳንዱ ክፍል የሚነደፈው ቡናው ወይም ውኃው እዚያ በሚቆይበት ጊዜ ልክ በተወሰደ አማካይ ነው። ሁሉንም በከፍተኛው ቀን የነደፈ የማኅበሩን ገንዘብ ያባክናል፤ ሁሉንም በአማካዩ የነደፈ ደግሞ በደራው ሳምንት ቡናውን ያበሰብሳል።

ገንዳዎቹን እንውሰድ። የተፈለፈለው ቡና ላይ የቀረውን ሙጫ ለማላቀቅ 36 ሰዓት ማብላላት ያስፈልጋል እንበል። ሰኞ ማታ የሞላው ገንዳ ረቡዕ ጠዋት ይታጠባል። የማክሰኞ ማታው ቡና ሁለተኛ ገንዳ ይፈልጋል፤ የረቡዕ ማታው ግን የመጀመሪያውን ባዶ ያገኘዋል። ስለዚህ ሁለት ገንዳ ይበቃል። ይሁን እንጂ ማብላላት የሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ ነውና በሙቀት ይወሰናል። በዚህ ከፍታ የኅዳር ሌሊት ሲበርድ ጊዜው ወደ 48 ሰዓት ይረዝማል። ያን ጊዜ የሰኞው ቡና የሚደርሰው የረቡዑ ቡና በር ላይ ሲቆም ነው፤ ሦስተኛ ገንዳ ግድ ይሆናል። አያችሁ፣ የገንዳውን ቁጥር የወሰነው የቡናው ብዛት ሳይሆን የሌሊቱ ብርድ ነው።

አሁን የቁስ ሚዛን። ከ10 ቶን እሸት ታጥቦ ወደ 4.5 ቶን እርጥብ ቡና ከነገለባው ይወጣል ብለን እንነሣ። እርጥበቱ 55 በመቶ ነው፤ ወደ 12 በመቶ ማውረድ አለብን። ከ100 ኪሎ ግራም ስንት ኪሎ ውኃ ይወጣል? 43 የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ሁለቱ መቶኛዎች የተለካቡት ጠቅላላ ክብደት የተለያየ ስለሆነ አይቀናነሱም። የማይለወጠው ደረቁ ቁስ ነው፤ እሱም 45 ኪሎ ግራም ነው። ይህ 45 ኪሎ ከደረቀው ቡና 88 በመቶውን ስለሚይዝ የደረቀው ክብደት 51 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። የወጣው ውኃም 49 ኪሎ ነው። በ4.5 ቶን ላይ ሲሰላ በየቀኑ 2,200 ኪሎ ግራም ውኃ ወደ አየር ይሄዳል ማለት ነው። በቁስ ሚዛን ጀምሩ ስላችሁ ምንጊዜም በማይለወጠው ነገር ጀምሩ ማለቴ ነው።

ይህን ውኃ ማን ያተነዋል? አንድ ኪሎ ውኃ ለማትነን 2.4 ሜጋ ጁል ያህል ስለሚያስፈልግ በቀን 5,280 ሜጋ ጁል ይጠይቃል። በማገዶ እናድርቅ ብንል፣ በኪሎ 15 ሜጋ ጁል የሚሰጥ እንጨት ሩብ ያህሉ ብቻ ለሥራ ቢውል በቀን 1,400 ኪሎ ግራም ማገዶ ይነዳል። እንጨቱ የሚመጣው ለዚሁ ቡና ጥላ ከሚሆነው ደን ነው። በፀሐይ እናድርቅ ካልን ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል። በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ግራም እርጥብ ቡና ብናሰጣ የአንድ ቀን ቡና 225 ካሬ ሜትር ይይዛል። 12 ቀን አልጋ ላይ ከቆየ 2,700 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል በሆነ አልጋ ሲለካ 1,800 ሜትር ርዝመት ነው። ቅድም ባልሁት መሠረት የደራው 12 ቀን አማካይ 8 ቶን ከሆነ 2,160 ካሬ ሜትር ይበቃል። ያም ሆነ ይህ ማነቆው ማሽኑ አይደለም፤ አልጋው ነው። ማሽን የሚሸጥ ነጋዴ ይህን አይነግራችሁም። በእኔ አስተያየት የጣቢያው ንድፍ ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ኋላ ቢሰላ ይሻላል።

ስለ ወጪ በአጭሩ ላንሳ። የማሽንና የገንዳ ዋጋ ከአቅሙ እኩል አያድግም፤ በግምት ዋጋው አቅሙ በ0.6 ከፍ በተደረገው ልክ ይሄዳል። አቅም በእጥፍ ሲያድግ ዋጋው አንድ ተኩል ያህል ነው። ይህ ሕግ ትልቅ ጣቢያ እንድንሠራ ይገፋፋናል። ትልቅ ጣቢያ ግን እሸቱን ከሩቅ ያስመጣል፤ በመንገድ ላይ የዋለ እሸት ደግሞ ጥራቱን ጥሎ ይደርሳል። በተጨማሪም አልጋው ለዚህ ሕግ አይገዛም። በእጥፍ ቡና፣ በእጥፍ አልጋ፣ በእጥፍ ወጪ ነው፤ እንደ ጀበናው።

እስካሁን ያልነካሁት ነገር አለ። የተማሪዎቼን የሂደት ሥዕል በየዓመቱ እሰበስባለሁ። እሸት በግራ ይገባል፣ መፈልፈያ፣ ማብላያ፣ ማጠቢያ ቦይ፣ አልጋ፣ በቀኝም የደረቀ ቡና ይወጣል። ሳጥኖቹ በማስመሪያ የተሠመሩ ናቸው። ከሥር ደግሞ ከወረቀቱ ጠርዝ የምትወጣ አንዲት ቀስት አለች፤ «ፍሳሽ» ይላል። ቀስቷ ወዴት ትሄዳለች? ወረቀቱ እዚያ አልቋል። እኔ ከሁሉም በፊት የምመለከተው እሷን ነው።

እንከተላት። ጣቢያው በኪሎ እሸት 10 ሊትር ውኃ የሚጠቀም ከሆነ በቀን 100 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ይወጣል። ውስጡ ስኳር፣ ፔክቲንና አሲድ አለበት። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ረቂቅ ተሕዋስያን ይመገቡታል፤ ሲመገቡም የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። የሚያስፈልጋቸውን ኦክስጅን ለስሌት ያህል በሊትር 4 ግራም እናድርገው። በቀን 400 ኪሎ ግራም ኦክስጅን ነው። አንድ ሰው በቀን የሚያወጣው ቆሻሻ ወደ 50 ግራም ኦክስጅን የሚፈልግ በመሆኑ ጣቢያችን የ8,000 ሰው ከተማን ያህል ጭኗል። ወንዙስ ምን አለው? በሊሙ ከፍታ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንጹሕ ውኃ በሊትር 7.5 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በሴኮንድ 50 ሊትር የሚፈስ ጅረት በቀን 4,320 ሜትር ኩብ ይዞ ያልፋል፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን 32 ኪሎ ግራም ነው። 32 ያለው 400 ሊከፍል አይችልም። ውኃ ሲፈስ ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው፣ ግን ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ይባስ ብሎ ቡናው የሚደርሰው ክረምቱ ወጥቶ ጅረቶች በሚቀንሱበት ጊዜ ነው። ጣቢያው በሚበረታበት ወር ወንዙ ይደክማል።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ታትሞ የወጣ ጥናት በቡና ማጠቢያ ጣቢያ አቅራቢያ የሚኖሩ ሰዎች የራስ ማዞር፣ የዓይን፣ የጆሮና የቆዳ መቆጣት፣ የሆድ ሕመምና የመተንፈስ ችግር እንዳለባቸው መናገራቸውን መዝግቧል። ማጠቢያ ጣቢያ ወንዝ ዳር የሚሠራው ውኃ ስለሚፈልግ ነው። ከጣቢያው በታች ያለው ሰውም ቤቱን እዚያ የሠራው ውኃ ስለሚፈልግ ነው። የዚህ አካባቢ ጅረቶች ከፊሎቹ ወደ ጊቤ፣ በጊቤም ወደ ኦሞ ይወርዳሉ፤ ቀድሞ የሚያገኛቸው ግን የጎረቤት ማድጋ ነው።

ታዲያ መሐንዲሱ ምን ያድርግ? ቶሎ የሚመጣው መልስ ውኃ እንቆጥብ የሚል ነው። ውኃውን መልሰን ብንጠቀም ከ10 ሊትር ወደ 2 ሊትር ማውረድ ይቻላል። ፍሳሹም ከ100 ወደ 20 ሜትር ኩብ ይወርዳል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ስኳሩ የትም አልሄደም። 400 ኪሎው ያው 400 ነው፤ አሁን በሊትር 20 ግራም ሆኖ ወፍሯል። ኩሬውን በቆይታ ጊዜ የሚነድፍ ሰው 20 ሜትር ኩብ በ20 ቀን አባዝቶ 400 ሜትር ኩብ ቆፍሩ ይላል። በጭነት የሚነድፍ ደግሞ፣ አየር አልባ ኩሬ በ20 ዲግሪ በሜትር ኩብ በቀን 300 ግራም ያህል እንደሚችል ከቤት ፍሳሽ ልምድ ወስዶ 1,330 ሜትር ኩብ ያገኛል። የመጀመሪያው ሰው ከሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ሠራ። ቀመሩ ትክክል ነበር፤ ጥያቄው ነው የተሳተው። ሁለተኛውም ቢሆን እንቅልፍ አይውሰደው። የቡና ፍሳሽ ሲብላላ አሲድነቱ ወደ ፒኤች 4 ይወርዳል፤ ሚቴን የሚያመነጩት ተሕዋስያንም በዚህ አሲድ ውስጥ አይሠሩም። ከቤት ፍሳሽ የተወሰደው ቁጥር የሚሠራው ኖራ ተጨምሮ አሲዱ ከተስተካከለ ነው።

ከዚህ የሚሻለው ስኳሩ ወደ ውኃው እንዳይገባ መከልከል ነው። ብዙው ስኳር ያለው በገለፈቱ ነው። በብዙ ጣቢያዎች ገለፈቱ በውኃ ተገፍቶ በቦይ ይሄዳል፤ ውኃው እየገፋው ስኳሩን ያጥበዋል። ገለፈቱን በደረቁ፣ በተዳፋት ወይም በጠመዝማዛ ማጓጓዣ ብንወስደው ጭነቱ ከምንጩ ይቀንሳል፤ ገለፈቱም ኮምፖስት ሆኖ ወደ ማሳ ይመለሳል። ሙጫውን በማሽን የሚያነሳ መፈልፈያም አለ፤ ውኃው በኪሎ እሸት ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል፣ የማብላያ ገንዳም ያስቀራል። በአንጻሩ ኃይልና መለዋወጫ ይፈልጋል፤ በኅዳር እኩለ ሌሊት ቢሰበር ማን ይጠግነዋል የሚለው የንድፍ ጥያቄ ነው። ከኩሬው በኋላ የተረፈውን ለማጣራት ቬቲቨር ሳር የተተከለበት ረግረግ መጨመር ይቻላል፤ እንደ ማሟያ እቀበለዋለሁ። ያልታከመ ፍሳሽን ሳር ላይ ለቆ ታክሟል ማለትን ግን አልቀበልም።

ይህ ከምንጩ የመቀነስ መርህ የደኅንነት ንድፍም መርህ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. በሕንድ ቦፓል ብዙ ሺህ ሰው የፈጀው ጋዝ በመካከለኛ ምርትነት በብዛት ተከማችቶ የነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙያችን፣ አደገኛውን ነገር በጥሩ ብልቃጥ ከማኖር አስቀድሞ መጠኑን ማሳነስን ያስተምራል።

ሕጉም አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ሁለቱም ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ሳትወለዱ ነው የወጡት። ግምገማው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይደረጋል ማለት ንድፉ ገና በወረቀት ላይ እያለ ማለት ነው። ጣቢያው ከተገነባ በኋላ ኩሬ የሚሆን መሬት ፈልጉ ቢባል መሬቱን አልጋው ይዞታል፤ የቀረው ቁልቁለቱ ነው፣ ቁልቁለቱም ወደ ወንዙ ነው። ኩሬው ከአልጋው ጋር በአንድ ቀን ቦታ ማግኘት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

በቴርሞዳይናሚክስ ትምህርት የሥርዓቱን ወሰን የምታሠምሩት እናንተ ናችሁ ብለን አስተምረናችኋል። ወሰኑን በጣቢያው አጥር ላይ ካሠመራችሁት ትርፉ ያምራል፤ ወንዙን አስገብታችሁ ካሠመራችሁት ሌላ ጣቢያ ትነድፋላችሁ። መስመሯን የሚወስን ቀመር እስካሁን አላገኘሁም። በእኔ የኮርስ ውጤት አሰጣጥ ወንዙ ከመስመሩ ውጭ የቀረበት ሥዕል አያልፍም፤ ይህን ከወዲሁ እወቁት።

የነገውን ሥራ ልንገራችሁ። በአራት በአራት ትከፈላላችሁ። አንደኛው ቡድን ከጣቢያው በላይና በታች የጅረቱን ፍሰት ይለካል፤ ተንሳፋፊ ነገር፣ ሜትርና የእጅ ሰዓት ይበቃል። ሁለተኛው ማምሻውን የሚደርሰውን እሸት በየግማሽ ሰዓቱ ይመዘግባል። ሦስተኛው አልጋዎቹን ይለካል፤ ሽፋን የሚደረግበትን ሰዓትም የሚያደርቁትን ሴቶች ይጠይቅ። አራተኛው ከጣቢያው በታች ወዳሉት ቤቶች ይሄዳል። ውኃ ከየት እንደሚቀዱ፣ በለቀማ ወራት የሚቀዱበትን ቦታ ይለውጡ እንደሆነ፣ ከብቶቻቸውን የት እንደሚያጠጡ ይጠይቃል። አፋን ኦሮሞ የምትናገሩ በዚህ ቡድን ውስጥ ግቡ፤ ጥያቄውን ከመጠየቃችሁ በፊትም ራሳችሁን አስተዋውቁ፣ ቡና ከቀረበላችሁም ጠጡ። አራቱም መረጃዎች ካልተገናኙ በቀር ስሌት አልቀበልም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእያንዳንዱ ቡድን ሦስት አማራጭ ንድፍ እጠብቃለሁ፤ አንደኛው ምንም አለማጠብ ይሁን።

አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ ቅድሚያውን ለነዋሪዎቹ ስጡልኝ።